ባልዲውን የሚቀበል ሰው

ነገሌ ቦረና
የካቲት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለማልረሳሽ የትምህርት ዘመን ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሙቀቱና ከሐሳቤ በቀር የሚያመኝ የለም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ወር አልፎታል፤ መልስ ባለመስጠቴ ሳትቀየሚኝ አትቀሪም። መቀየም መብትሽ ነው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቢውና ያኔ ተቀየሚኝ፤ የተሻለ ምክንያት ታገኛለሽ።

ነገሌ ከገባሁ ሃያ ሁለት ቀኔ ነው። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው አለ ለማለት ይከብዳል። ሱቆቹ ይዘጋሉ፤ ፍየሎቹ የግድግዳ ጥላ እየተሻሙ ይደረደራሉ። እኔም ዓይኔን ገልጬ የምተኛበት ሰዓት ነው። ከመስኮቴ ወደ ፊልቱ የሚወስደው መንገድ ይታያል። ሙቀቱ ቀዩን አፈር ውሃ ያስመስለዋል፤ ግመሎቹ በዚያ ውሃ ላይ እግራቸው ሳይረጥብ ይሻገራሉ። አንዳንድ ቀን ከግመሎቹ ኋላ አንቺ ስትመጪ አያለሁ፤ ያን ሰማያዊ ጋዋንሽን ለብሰሽ፣ የልኬት መሣሪያውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ በትከሻሽ ተሸክመሽ። አልጠራሽም። ከጠራሁሽ እንደምትጠፊ ስለማውቅ ዝም ብዬ አይሻለሁ።

ለምን እንደመጣሁ ልንገርሽ። ሁለታችንንም ያስተማሩን ዶክተር ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ቆይተው ሲመለሱ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። የምህንድስና ተማሪ በራሱ ችሎታ ምን ያህል እንደሚተማመን ይለካል አሉን። ሃያ ጥያቄ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪው ራሱ ለራሱ ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣል። «የቆመ ፓምፕ ችግሩን ብቻህን ታገኛለህ?»፣ «የሠራኸው ሒሳብ ስህተት ቢኖርበት ራስህ ትደርስበታለህ?» የመሳሰለ ነው። አሥራ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ እዚህ ውሃ ሥራ ሲመደቡ እኔም አስተማሪያቸው ነኝና ወረቀቱን ይዤ አብሬያቸው ተላክሁ። አማካይ ነጥቡ ከአምስት በታች የሆነ ተማሪ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ከምህንድስና ወጥቶ ወደ ንድፍ ቅጂ ክፍል ይዛወራል። ዝርዝሩ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ሳድል አንዱ እጁን አነሣና ይሄ ለማን ነው የሚሄደው ብሎ ጠየቀኝ። ለዶክተሩ አልኩት። «ከዶክተሩስ በኋላ?» አለኝ። እነዚህ ልጆች በየሳምንቱ ሂስና ግለ ሂስ እያደረጉ ያደጉ ናቸው። ስለ ራሳችሁ ጻፉ ሲባሉ የሚያውቁት ድክመትን መናዘዝ ነው፤ ከአሥር አሥር ነኝ የሚል ሰው ትምክህተኛ ተብሎ መድረክ ላይ እንደሚቆም አይተዋል። ቁጥር ብቻ ጻፉ ብላቸው፣ ከቁጥሩ ጎን «ይህን ጉድለቴን ወደፊት አርማለሁ» የሚል የጻፉ ሦስት ናቸው። አንዱማ ከስብሰባ የቀረባቸውን ቀናት ሁሉ ዘርዝሯል። ሳቄን ዋጥኩና ወረቀቱን ሰብስቤ አቃጠልኩት፤ ደግሜ አስረድቼ ሌላ አስሞላኋቸው።

በሁለተኛው ብዙዎቹ ስድስትና ሰባት ላይ ሰፈሩ። ሰው ከጎረቤቱ ርቆ መታየት አይወድም። የተለዩት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ፈቀደ የሚባል ልጅ ነው፤ ሃያውንም ጥያቄ አሥር፣ አሥር፣ አሥር ብሎታል። አንድ እንኳ የማትችለው ነገር የለም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ዘጠኝ ብል አንዷን ምን በላት ልትሉኝ ነው» አለኝ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ማለት ለእሱ ነው። ሁለተኛዋ ቀድሪያ ናት፤ ከአሥራ አንዱ ብቸኛዋ ሴት። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወርዳ ስህተትሽን ራስሽ ትደርሺበታለሽ ወይ በሚለው ላይ ብቻ ዘጠኝ ጽፋለች። አማካይዋ ሦስትም አይሞላም። ወረቀቷን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። የማን ጽሑፍ እንደመሰለኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ቀድሪያ የዚሁ የነገሌ ልጅ ናት። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሱቅ ከከፈቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። እናቷ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ምሳ ጠርተውኝ ሄድኩ። ገና እጄን ሳልታጠብ፣ «ልጄን ምን ብላችሁ ነው የጠየቃችኋት? ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም» አሉኝ። የወረቀቱን ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ሳቁ። «ሰው ራሱን እችላለሁ ብሎ ይጽፋል እንዴ? ሰው ሲያመሰግንሽ አንገትሽን ድፊ፣ ሥራሽ ይናገርልሽ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥሎ ስለ መዛወሩ ስነግራቸው ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነዋ ብለው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ምሳውን እንዴት እንደበላሁት አላስታውስም።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ በወደራ መንገድ ያለው የከተማው ፓምፕ እምቢ አለ። ውሃው ሩብ ሰዓት ያህል ይወርድና ይቋረጣል፤ ሞተሩን አጥፍተው አንድ ሰዓት ካሳረፉት እንደገና ሩብ ሰዓት ይሰጣል። እስከ ቀትር ድረስ የሰልፉ ጀሪካን አስፋልት ዳር ደርሶ ነበር። ፈቀደ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና ፓምፑ ተበልቷል፣ ሌላ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይሠራም ብሎ ፈረደ። አዲስ ፓምፕ ተጠይቆ እስኪመጣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቂዋለሽ። ግን አነጋገሩ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ማመልከቻው ላይ ልፈርምለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቀድሪያ ግን ወደ ፓምፑ ኦፕሬተር ወደ ሀላኬ ሄደች። «አካም? ናጋ?» ተባብለው በኦሮምኛ ቀስ እያሉ ማውራት ያዙ። ሱቅ ውስጥ ስላደገች ኦሮምኛው አፏን የፈታችበት ያህል ነው። ከዚያ ረጅም ክር አመጡ፤ ጫፉ ላይ ብሎን አስረው በቧንቧውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል አወረዱት። አንድ ጊዜ ፓምፑ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ውሃው ሊቋረጥ ሲል። የረጠበውን በክንዷ እየለካች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ሀላኬ ነው መጥቶ የነገረን፦ «ፓምፑ ደህና ነው። ቢሻኑ፣ ውሃው፣ ነው የሸሸው። በጋው በረታ፣ ውሃው ወደ ታች ወረደ፤ ፓምፑ አየር ነው የሚጠጣው። ሁለት ቧንቧ ጨምረን እናውርደው» አለ። እሷ ከኋላው ቆማ ክሩን ትጠቀልላለች።

ልኩ የሆነ ቧንቧ የተገኘው ሜጋ ከሚገኝ መጋዘን ነው። በማግስቱ ከሾፌሩና ከሀላኬ ጋር ሄድን። ሜጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ራዲያተሩ ፈላና ውሃ ፍለጋ አንድ ኤላ ዘንድ ወረድን፤ ኤላ ቦረናዎች ከብት የሚያጠጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ነገር የለም፤ የሰማሁት ነው። ከመሬት ውስጥ ዘፈን ይወጣል። ተጠግቼ ቁልቁል ሳይ ወንዶች አንዱ ከሌላው በላይ እስከ ጨለማው ድረስ ቆመዋል፤ የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ በዘፈኑ ምት ወደ ላይ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ማንም ማንንም አያይም፤ እጁን ብቻ ይዘረጋል፣ ባልዲው እዚያ ይገኛል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሾፌሩ ክንዴን ይዞ ባይስበኝ እዚያው የምቀር ይመስለኛል።

የጉድጓዱን ተራ የሚያስከብሩት ጃልዴሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሥራዬ ነውና ሀላኬን አስተርጓሚ አድርጌ ጠየቅኋቸው፦ ከሁሉ በታች፣ ከባዱ ቦታ ላይ የሚቆመውን እንዴት ይመርጣሉ? እችላለሁ የሚለውን ነው ወይ? ሽማግሌው ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገሙት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ሰውዬውን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ራሱን ማን ያያል? እኔ የምጠይቀው ከበላዩ ቆሞ ባልዲውን የሚቀበለውን ነው። ጎዶሎ መጣ፣ ሙሉ መጣ፣ እሱ ያውቃል።» የተጠየቀው ሰው ዝም ቢልስ አልኳቸው። «ዝም ካለ ከብቱ ይጠማል» አሉኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ስንመለስ ሀላኬ ታመምክ እንዴ ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ሐሙስ ዕለት ቧንቧው ተቀጥሎ ወረደ። ውሃው ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ሰዓት ሞላ። ሴቶቹ ሀላኬን በእልልታ አጀቡት። እሱ በዓይኑ ቀድሪያን ይፈልጋል፤ እሷ ሞተር ቤቱ ጀርባ ናት። እዚያው ሄጄ ወረቀቷን አወጣሁና የቆመ ፓምፕ ችግሩን ብቻሽን ታገኛለሽ ለሚለው ሁለት ነው ያልሽው፣ አሁንስ አልኳት። «ጥያቄው ብቻሽን ነው የሚለው ጋሼ። ክሩን የያዘው ሀላኬ ነው» አለችኝ። ካላስተካከልሽው ከምህንድስና ትወጫለሽ ብዬ ለመንኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን፣ «የሌለኝን ቁጥር ብጽፍ እሱም ስህተት ነው፣ አይደል?» አለች። እስክሪብቶ በእጄ ነበር። ሦስትን ስምንት ማድረግ ምን ይከብዳል? አላደረግኩትም። እሷ ያላደረገችውን እኔ ባደርግላት ስድብ የሆነባት መሰለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር አደረግኩ። አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ጊቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር አስቀምጬ ስለ ራሳቸው ምንም ሳልጠይቅ አንዲት ጥያቄ ብቻ አቀረብኩላቸው፦ በረሃ ላይ ፓምፕ ቢቆምብህና ከጓደኞችህ አንዱን ብቻ መጥራት ብትችል ማንን ትጠራለህ? ቀድሪያ ሀላኬን አለች፤ ተማሪ አይደለም ብላት አልሰማችኝም። አንዱ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን ጠራ። የቀሩት ዘጠኙ ቀድሪያን አሉ። ፈቀደማ ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሰኝም፤ «እንዴ ጋሼ፣ ይሄም ይጠየቃል? ቀድሪያን ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። ያ አሥር አሥር ባዩ፣ በሕዝብ ፊት የተሳሳተው፣ ቅንጣት ሳያመነታ።

ያኔ ነው የተሰበርኩት። ፈቀደ በአንዲት ትንፋሽ ያላት ቃል እኔን ስድስት ዓመት ፈጅታብኛለች፤ ላንቺ ገናም አላልኳትም። አሁን ልበላት።

በ1973 ሰኔ ከሁለታችን አንዳችን በረዳት መምህርነት እንደምንቀር ታስታውሻለሽ። ዶክተሩ ተማሪ ይዘሽ ሜዳ ላይ ብቻሽን መቆም ትችያለሽ ብለው ጠየቁሽ፤ አንቺ እሞክራለሁ አልሽ። እኔን ሲጠይቁኝ እችላለሁ አልኩ። እስከዚህ የምታውቂው ነው። የማታውቂው ግን በማግስቱ እኔን ለብቻዬ ቢሯቸው እንደጠሩኝ ነው። አብረሃት የሠራህ አንተ ነህ፣ ውጤቷ ከሁላችሁም ይበልጣል፣ መልሷ ግን አሳሰበኝ፣ አንተ ምን ትላለህ አሉኝ። ልብ በዪ፤ ይህ የሆነው ያ የቦይ ልኬት ተሳስቶ የቡድኑ አባላት አራታችንም ከተጨነቅንበት ቀን ገና አንድ ወር ሳይሞላው ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ሒሳቡን ሁሉ ከመጀመሪያው አስልተሽ ስህተቱ የእኔ የመሣሪያ ንባብ መሆኑን አገኘሽ። ለማንም አልነገርሽም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገሽ በጣትሽ አሳየሽኝና አስተካክዬ እንድጽፈው ዝም ብለሽ ጠበቅሽኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ለዶክተሩ የመለስኩት «እኔ እንጃ» ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላልኩም። ክፉ ቃል አልወጣኝም ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ የለ። በዚያው ሳምንት የምደባው ደብዳቤ ደረሰኝ። አንቺ የሌላውን ሰው ንድፍ ወደምትገለብጪበት ክፍል፣ ወደ አሰላ ተመደብሽ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት እጄን ይዘሽ፣ «አንተ እንኳን ቀረህ» አልሽኝ። እጄን ያልነጠቅኩሽ ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፤ ስለምወድሽ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ መኖር እንደሚችሉ ያን ቀን አወቅኩ። ባለፈው ደብዳቤሽ ደግሞ አንደበቴ ነው ያስቀረኝ፣ ያኔ ደፍሬ ብመልስ ኖሮ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሦስት ወር መልስ ያጣሁት ለዚያች አንዲት መስመር ነው። አንደበትሽ አይደለም። አንቺ ባልዲሽን ሞልተሽ አቀብለሻል።

ቅዳሜ ዕለት ለዶክተሩ ከወረቀቶቹ ጋር ረጅም ደብዳቤ ላክሁ። የመጀመሪያው ገጽ ዘጠኙ ልጆች ስለ ቀድሪያ የሰጡት ምስክርነትና እሷ በምትዛወርበት ዝርዝር ላይ እንደማልፈርም የሚገልጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ስለ አንቺ ነው፤ የልኬቱን ነገር፣ የቢሯቸውን ጥያቄና ያን ጊዜ ልመልስላቸው ይገባኝ የነበረውን ሁሉ ቀኑን ጠቅሼ ጽፌአለሁ። ሦስተኛው ስለ ራሴ ነው፤ አጭር ነው፣ ሦስት መስመር አይሞላም።

ትናንት ፖስታ ቤት ስልክ ተጠራሁ። ድምፃቸው ከሩቅ ነበር፤ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ነፋስ ብቻ ይሆናል። «ልጅቷ ትቆይ» አሉኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም ነበር። «ለሌላዋም ራሴ እጽፍላታለሁ» ብለው ዘጉት። ከፖስታ ቤቱ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። የያዙትን የስኳር ማንኪያ ጣሉና፣ ልጃቸው እንዳትሰማቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔም ከሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ መንገደኛው ሁሉ ሐዘን የደረሰብን መስሎት እየቆመ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይለን ነበር።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍም፤ ይቅርታ ተለምኖ በፖስታ የሚላክ ዕቃ አይደለም። ጊዜሽን ውሰጂ። ለእናትሽ ጉልበታቸውን ስሚልኝ። አምላክ ያጎደልኩብሽን ቀን አሟልቶ ይስጥሽ፤ እጅሽ የነካውን ይባርክልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። የዶክተሩ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አጠገብሽ ተቀምጦ የተማረው
የድሮ ጓደኛሽ

ማስታወሻ፦ የምትጽፊልኝ ከሆነ ከእንግዲህ በነገሌ ውሃ ሥራ አድራሻ ይሁን። የእኔ የነበረው የመምህር ክፍል ቁልፍ ከዶክተሩ ጸሐፊ ከእሙሽ ዘንድ ነው። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ፀሐይ ይገባል። ሁለተኛው መሳቢያ ጠበቅ ይላል፤ ትንሽ ወደ ላይ አንሣ አድርገሽ ሳቢው፣ ይከፈታል።